መዝገብ ቤቱ ሲፋጠን

አንድ ሹም ምንም ያህል ብልህና ትጉህ ቢሆን፣ መዝገብ ቤቱ ዘገምተኛ ከሆነ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ባለጉዳይ ከፊቱ ቆሟል፤ ብዕሩ በእጁ ነው፤ ሐሳቡም ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ዶሴው ገና አልመጣም። ተላላኪው ወደ መዝገብ ቤት ከሄደ ቈይቷል። ሹሙም ጣራ ጣራውን እያየ ይጠብቃል። ባለጉዳዩ ግን የውስጡን ስለማያውቅ «እኒህ ሰው ሥራ አይወዱም» ብሎ ይፈርዳል። በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አንባቢዎቼ ይህን ለመረዳት ረዥም ማብራሪያ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች፣ ማታ ማታም ከሥራ በኋላ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ይማራሉ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠናም ይህንኑ ፍላጎት አነሣሥቶታል። ነገር ግን ተማሪው የሚማርበት ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም፤ ወይ በውጭ አገር አገልግሎ የመጣ፣ ወይ ከታላቅ ወንድም የወረደ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በፊት የገዛው ነው። ሲያበሩት ያቃስታል፤ የኮድ መጻፊያውን ሲከፍቱት ቡናው ተቈልቶ እስኪፈላ ድረስ አይመጣም። ባለቤቱም «ይህ ዕቃ አርጅቷል፤ አዲስ ካልገዛሁ ትምህርቱ አይሆንልኝም» ይላል። አዲሱ ደግሞ የብዙ ወር ደመወዝ ይጠይቃል። እንግዲህ ያለው ምርጫ ወይ መበደር፣ ወይ ትምህርቱን መተው ይመስለዋል።

ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ብዙዎች አያውቁትም። አብዛኛውን ጊዜ ሹሙ ደኅና ነው፤ የዘገየው መዝገብ ቤቱ ነው። መዝገብ ቤቱን ብቻ መለወጥ ደግሞ ቤቱን ሁሉ አፍርሶ ከመሥራት በእጅጉ ይቀላል። ሆኖም መዝገብ ቤት መለወጥ የማያድነው ዝግታም አለና፣ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሹሙ፣ ጠረጴዛውና መዝገብ ቤቱ

በማናቸውም ኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ነው፤ የሚያሰላውና የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ ሹሙ እርሱ ነው። ሁለተኛው ራም ይባላል፤ ይህም የሹሙ ጠረጴዛ ነው፤ በእጅ ያለው ዶሴ ሁሉ የሚዘረጋው በእርሱ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን በጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ይሄዳል። ሦስተኛው ዲስክ ነው፤ እርሱ መዝገብ ቤቱ ነው፤ መብራት ጠፋም መጣ የተጻፈው ሁሉ ተቀምጦ የሚቈየው በእርሱ ዘንድ ነው።

ሹሙ ከመዝገብ ቤት በቀጥታ አያነብም። ማናቸውም ዶሴ መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛው መምጣት አለበት። ስለዚህ ዶሴው እስኪመጣ ድረስ ሹሙ፣ በሴኮንድ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሥራ መሥራት የሚችል ቢሆንም ቅሉ፣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኛም ከማያው ፊት እንዲሁ እንቀመጣለን።

የሚሽከረከረው ሳህን

የዚህ መዝገብ ቤት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በዚያ ዓመት አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «305 ራማክ» የሚባል ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። በሳን ሆዜ ከተማ በካሊፎርኒያ፣ በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራው ቡድን ለዚህ ኮምፒዩተር የሠራው መዝገብ ቤት፣ ወርዳቸው 61 ሳንቲሜትር የሆነ 50 ሳህኖች ነበሩት። ሳህኖቹ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞሩ ነበር። ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ሆኖ፣ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ሊሞላው የሚችል ቦታ ነው። አንዱን መዝገብ ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበት ነበር። ይህ ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድን መዝገብ ለማግኘት የተበሱ ካርዶችን ወይም የማግኔት ቴፕን በተራ ማገላበጥ ግድ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ እጅግ አነሰ፤ የሚይዘውም በሚሊዮን እጥፍ በዛ። አሠራሩ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳህን ይሽከረከራል፤ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ያለ ክንድ ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ በክንዱም ጫፍ ያለው አንባቢ ከሳህኑ በላይ በዐይን በማይታይ ክፍተት ይንሳፈፋል። አንድ ነገር ሲፈለግ ክንዱ ወደ ተገቢው መሥመር መሄድ፣ ከዚያም የተፈለገው ክፍል ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ አለበት።

እስቲ በቍጥር እንየው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለት በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ በአማካይም የዙሩን ግማሽ፣ 5.5 ሚሊ ሴኮንድ መጠበቅ አለ። ክንዱ ለመሄድ በአማካይ 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ድምሩ 17 ሚሊ ሴኮንድ ተኩል ይሆናል። «ሚሊ ሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሺኛ አይደለምን? ምን ያህል ይጐዳል?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ የሚታወቀው ዶሴው ሲበዛ ነው። በዚህ ስሌት ሃርድ ዲስኩ በየቦታው ከተበታተኑ ትንንሽ ነገሮች በሴኮንድ ከ60 በላይ ማንሣት አይችልም። የተፈለጉት 10,000 ቢሆኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሹሙ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

የማይንቀሳቀሰው መዝገብ

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዕቃ ነው። በውስጡ የሚዞር ሳህን የለም፤ የሚሄድ ክንድም የለም። ያለው ልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ብቻ ነው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ፣ ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ባቀረቡት ሥራ ላይ ነው። እነርሱም ኤሌክትሮኖችን በጥቂቱ ወደ ተከለለች ጠባብ ቦታ አስገብቶ እዚያው ማቈየት እንደሚቻል አሳዩ። ኤሌክትሮን ከገባባት አንድ ምልክት፣ ካልገባባት ሌላ ምልክት ናት ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ምልክቷ አትጠፋም። ከዚያ በኋላ በጃፓን የቶሺባ ኩባንያ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ፉጂዮ ማሱኦካ፣ ከእነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ብዙውን በአንድ ጊዜ መደምሰስ የሚቻልበትን «ፍላሽ» የተባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1984 አስታወቁ። በ1987 ደግሞ ዛሬ በስልካችንም በኤስ.ኤስ.ዲ.ም ውስጥ የሚገኘውን «ናንድ» የሚባለውን ዓይነት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አደረጉ።

ነገር ግን አዲስ ነገር ሲወጣ ዋጋው የማይቀመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በኋላ ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ ለአይ.ቢ.ኤም. የሸጠው ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚይዘው 20 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን ዋጋው 1,000 ዶላር ያህል ነበር። በ2008 ኢንቴል «ኤክስ25-ኤም» የተባለውን ባለ 80 ጊጋባይት ሲያወጣ ወደ 600 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዋጋው እየወረደ ሄዶ፣ ዛሬ ለአንድ አሮጌ ላፕቶፕ የሚበቃው ኤስ.ኤስ.ዲ. ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ክፍል ብቻ ሆኗል።

ፍጥነቱስ? አንድ ተራ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተጠየቀውን ትንሽ ነገር ለማቅረብ የሚፈጅበት 0.1 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ይህን ከሰው ሥራ ጋር ለማስተያየት፣ ሹሙ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ለማንሣት አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። በዚሁ ልክ ስናሰላው፣ ከኤስ.ኤስ.ዲ. የሚመጣው ዶሴ ከ17 ደቂቃ በኋላ ይደርሳል። ከሃርድ ዲስክ የሚመጣው ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። አንደኛው መዝገብ ቤት «ትንሽ ይቀመጡ፣ አሁን ይመጣል» ይላል፤ ሁለተኛው «ዛሬ አይገኝም፣ ከነገ ወዲያ ይመለሱ» ይላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊን የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ፊልም ለሚያይ ሰው ሃርድ ዲስክ ብዙም አይጐዳም፤ ፊልም አንድ ትልቅ ዶሴ ስለ ሆነ ከአንድ ቦታ በተከታታይ ይነበባል። የፕሮግራም ጸሐፊ ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የእርሱ ሥራ በብዙ ሺሕ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው። በዓለም ላይ የታወቀው የሊኑክስ ከርነል ኮድ በአሁኑ ጊዜ ከ70,000 የሚበልጡ ፋይሎች አሉት። «እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ከሊኑክስ ጋር ምን አገናኘኝ?» የሚል ካለ፣ አንድ ተማሪ በጃቫስክሪፕት ትንሽ የድረ ገጽ ሥራ ሲጀምር ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን አጋዥ ክፍሎች ያወርዳል፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ፋይሎች ይሆናሉ። እርሱ የጻፈው ዐሥር ፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መዝገብ ቤቱ ግን የሌሎቹን ሁሉ ሸክም ይሸከማል።

ስለዚህ የኮድ መጻፊያው ሲከፈት፣ በሥራው ሁሉ ውስጥ አንድ ቃል ሲፈለግ፣ አጋዥ ክፍሎች ሲጫኑ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠሩት ጊት የተባለው መሣሪያ ምን እንደ ተለወጠ ለማወቅ ፋይሎቹን አንድ ባንድ ሲያይ፣ ከአንዱ የሥራ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ዋናው ሥራ የመዝገብ ቤቱ ነው። ዳታቤዝም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጽሑፍ በእርግጥ ተመዝግቧል ብሎ ከመመለሱ በፊት ዲስኩ እስኪያረጋግጥለት ይጠብቃል። ሃርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. ሲተካ በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሚታየው ለውጥ በደቂቃ የነበረውን ወደ ሴኮንድ የሚያወርድ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩን አብርቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚሄደው ጊዜም እጅግ ያጥራል።

የማይፋጠነው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ግን ሻጩ የማይነግረንን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1967 ጂን አምዳል የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ስለ ኮምፒዩተር ፍጥነት ያስረዱት አንድ ሐሳብ አለ፤ ዛሬም በስማቸው «የአምዳል ሕግ» ይባላል። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፤ ከአንድ ሥራ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ብታፋጥኑ፣ የጠቅላላው ሥራ ፍጥነት ባላፋጠናችሁት ክፍል ይወሰናል።

ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለት የተጻፈውን ኮድ ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ መገልበጥ፣ ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ከ10ሩ ውስጥ 8ቱ ዲስክ በመጠበቅ የሚያልፉ ቢሆኑ፣ ዲስኩን 20 ጊዜ ብናፋጥነው 8ቱ ደቂቃ 24 ሴኮንድ ይሆናል፤ ጠቅላላው ሥራ በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ያልቃል። ይህ ሰው ገንዘቡን በደንብ ተጠቅሞበታል። በሌላ ሰው ዘንድ ግን ከ10ሩ ደቂቃ የዲስኩ ድርሻ 2 ብቻ፣ የፕሮሰሰሩ ድርሻ 8 ቢሆን፣ ያንኑ ዲስክ ገዝቶ ሥራው የሚያልቀው በ8 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ነው። ይህኛው «ተታለልሁ» ቢል አያስደንቅም። ዕቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሽታው ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ያነበበውን ፋይል፣ ራሙ ሰፊ ከሆነ፣ በጠረጴዛው ላይ ያቈየዋል። ስለዚህ ጠዋት የመጀመሪያው ኮምፓይል ዘግይቶ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊፈጥን ይችላል፤ ዶሴው ሁሉ አስቀድሞ ከመዝገብ ቤት ወጥቷልና። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሹሙ ብቻ ስለ ሆነ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ጠረጴዛው ከጠበበ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ሰው የኮድ መጻፊያና ዐሥራ አምስት የድረ ገጽ መስኮት አብሮ ሲከፍት ቦታ ያልቃል፤ ኮምፒዩተሩም ዶሴዎቹን ወደ መዝገብ ቤት እየላከና እንደ ገና እያስመጣ ይደክማል። ኤስ.ኤስ.ዲ. ይህን ድካም ያቀለዋል እንጂ አያስቀረውም፤ እርሱም ቢሆን ከራም በሺሕ እጥፍ ይዘገያልና። እንዲህ ላለው ኮምፒዩተር ራም መጨመርም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሙቀት እንደሚለካ፣ እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። በዊንዶውስ «ታስክ ማኔጀር» የሚባለውን ክፈቱ። ሥራው ሲዘገይ የዲስኩ ቍጥር 100 በመቶ ደርሶ፣ የፕሮሰሰሩ 15 ወይም 20 ከሆነ፣ ጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ ነው፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. ይፈውሰዋል። ፕሮሰሰሩ 100 ሆኖ ዲስኩ ዝም ካለ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. አያድነውም። የራሙ ቍጥር 90 አልፎ ዲስኩም ከተጨነቀ፣ ጠረጴዛው ጠቧል። ይህን ለማየት ገንዘብ አይከፈልም።

ከመግዛት በፊት

ዲስኩ መለወጥ አለበት ተብሎ ከተወሰነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን?» የሚለው ነው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ሳታ የሚባለው፣ 2.5 ኢንች የሆነው ነው፤ ልክ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ ይቀመጣል። በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያህል ያነባል። በአዳዲሶቹ ላይ ኤም.2 የሚባል፣ እንደ ማስቲካ ልጥጥ ቀጭንና ረዘም ያለ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው እንጂ የፍጥነቱ ስም አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሳታም አለ፣ እጅግ ፈጣኑ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ.ም አለ። አንዱን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ሌላውን ቢያስገቡበት አያውቀውም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ጽፎ መያዝና የሚቀበለውን ማጣራት ይበጃል።

ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. በሴኮንድ 3,500፣ አንዳንዱም 7,000 ሜጋባይት ያነባል ሲባል ሰምቶ፣ የእርሱ ላፕቶፕ ሳታ ብቻ በመቀበሉ የሚያዝን ሰው ይኖር ይሆናል። አያዝን። ይህ ትልቅ ቍጥር የሚገኘው ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ነው። በትንንሽ ፋይሎች ላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚደረገው እርምጃ ትልቁ እርምጃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ለተማሪ ሥራ ያን ያህል አይሰማም።

ከሐሰተኛ ዕቃም ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ተብሎ ተጽፎበት በውስጡ ትንሽ ቺፕ ብቻ ያለበት ዕቃ በዓለም ገበያ ላይ ይገኛል። ኮምፒዩተሩም ለጊዜው ያምነዋል፤ ከቦታው በላይ ሲጻፍበት ግን የተጻፈው ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን መመርመሪያ በነጻ ይገኛል፤ በዊንዶውስ «ኤች2ቴስትደብልዩ»፣ በሊኑክስ «ኤፍ3» ይባላሉ። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነቱን ይናገራሉ። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ያነሰ ዕቃ ካያችሁ፣ ሳትመረምሩ የሥራችሁን ኮድ አታስቀምጡበት።

«ኤስ.ኤስ.ዲ. ሲጻፍበት ያልቃል ይባላል» የሚለው ስጋት መሠረት አለው። እያንዳንዷ የፍላሽ ክፍል የምትደመሰስበትና የምትጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው ተቈጣጣሪ ጽሕፈቱን በሁሉም ክፍል ላይ በእኩል እያደላደለ እንዳይጐዳ ያደርገዋል። በአንድ ባለ 250 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ ፋብሪካው 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ በየቀኑ 20 ጊጋባይት የሚጽፍበት ሰው ያንን ለመጨረስ ከ20 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ራሱ ያን ያህል አይቈይም። ደግሞም ከጠቅላላው ቦታ ከዐሥር እጅ አንዱን ያህል ባዶ መተው ጥሩ ነው፤ ተቈጣጣሪው መዝገቦቹን የሚያደላድልበት ስፍራ ያገኛል።

ሳይታመም የሚሞት

ኤስ.ኤስ.ዲ. በአንድ ነገር ከሃርድ ዲስክ ይበልጣል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በታክሲና በአውቶቡስ መንገጫገጭ አይበገርም። ሃርድ ዲስክ ግን እየሠራ ሳለ ቢመታ አንባቢው ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል።

በሌላ ነገር ደግሞ ኤስ.ኤስ.ዲ. የበለጠ ያስፈራል። ሃርድ ዲስክ ሊበላሽ ሲል ብዙ ጊዜ ይንኳኳል፣ ያጓራል፣ ይዘገያል፤ ባለቤቱ ዶሴውን እንዲያወጣ ጊዜ ይሰጠዋል። ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ማታ ደኅና አድሮ ጠዋት ላይነሣ ይችላል። ከእርሱ ላይ በስሕተት የተደመሰሰ ፋይልም ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ኮምፒዩተሩ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ብሎ ሲያስታውቀው ተቈጣጣሪው ያጸዳዋልና። መብራትም ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሥራውን ቶሎ ቶሎ ያስቀምጥ።

የአንድ ዓመት የመመረቂያ ሥራ፣ ወይም የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች መዝገብ፣ በአንዲት ቺፕ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መገኘት የለበትም። ኮዱን በጊት አማካይነት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በየቀኑ ማስቀመጥ፣ የቀረውን ደግሞ በሌላ ዲስክ መገልበጥ ግዴታ ነው። ለዚህም የወጣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይጠቅማል። አትጣሉት፤ በትንሽ ዋጋ የሚሸጥ የዩ.ኤስ.ቢ. ቤት አለ፤ በዚያ አስገቡትና የቅጂ ማኖሪያ አድርጉት። ለዕለት ሥራ የደከመው ሽማግሌ፣ ለአደራ ጠባቂነት ገና ይበቃል።

ስለ ጊዜ

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለአሠሪዎች አንድ ስሌት ላቅርብ። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ዲስክ በመጠበቅ በቀን 20 ደቂቃ ቢያጠፋ፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል፣ ድምሩ 5,000 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም ከ83 ሰዓት በላይ፣ በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ ከ10 የሥራ ቀን በላይ ነው። ለዚህ ሰው የሁለት ሳምንት ደመወዝ የተከፈለው ሳህን ሲዞር እንዲጠብቅ ነው ማለት ነው። የኤስ.ኤስ.ዲ.ውን ዋጋ ከዚህ ደመወዝ ጋር አስተያይተው ይፍረዱ።

በዚህ ስሌት ውስጥ የማይገባ ሌላ ኪሣራም አለ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ነው የሚሠራው። ኮምፒዩተሩ አምስት ሴኮንድ ቢዘገይ ሐሳቡን ይዞ ይጠብቃል። ሦስት ደቂቃ ቢዘገይ ግን ስልኩን ያነሣል፤ ስልኩም ወዲያው አይለቀውም። ሲመለስ «ምን እየሠራሁ ነበር?» ብሎ እንደ ገና ይጀምራል። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ጀማሪ የሚማረው እየሞከረና እየተሳሳተ ነው፤ አንዱን ሙከራ ለማየት ብዙ የሚጠብቅ ሰው በአንድ ማታ የሚሞክረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሞከረም ጥቂት ይማራል። ከዚያም «እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የሳህኑ ነበር።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለተማሪው ትዕግሥት የሚሆን ትልቅ ምክር ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን አልተነገረም። እንግዲህ የላፕቶፑን ዕድሜ ከመራገም በፊት፣ ዛሬ ማታ ያን የቍጥር መስኮት ክፈቱና የዘገየው ሹሙ ይሁን፣ ጠረጴዛው ይሁን፣ ወይስ መዝገብ ቤቱ፣ በዐይናችሁ ተመልከቱ። መዝገብ ቤቱ ሆኖ ከተገኘ፣ መጀመሪያ ያላችሁን ሁሉ ገልብጡ፤ ከዚያ በኋላ ለውጡት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ በደኅና ሰንብቱ።